የልጁን ስኳር ስትለኩ እናቱንም እንዴት ነሽ በሏት

ይድረስ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፣ ለደቡብ ወሎና ለሰሜን ወሎ ዞን ጤና መምሪያዎች፣ እንዲሁም በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያና በየወረዳው የልጆች የስኳር ክትትል ለምትሰጡ ባለሙያዎች ሁሉ።

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ታናሹ ልጄ ዓይነት 1 ስኳር አለበት፤ ሰውነቱ ኢንሱሊን ስለማይሠራለት በየቀኑ በመርፌ ይወስዳል። አብሽሩ፣ ደህና ነው። ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ኳስ ያሳድዳል፣ በቴሌቪዥን ሪሞት ከእህቱ ጋር ይጣላል። ለዚህ ያበቃን የእናንተ ሙያና ኢንሱሊኑ ነው፤ ምስጋናዬን አስቀድማለሁ። ከምስጋናው ቀጥሎ ግን የምለው አለኝ።

ልጁ ለክትትል ሲመጣ ስኳሩን ትለካላችሁ። ክብደቱን ትመዝናላችሁ። የመርፌውን መጠን ካርዱ ላይ ትጽፋላችሁ። የምለምናችሁ በዚያው ቀን፣ በዚያው ካርድ ላይ፣ መርፌውን ቤት ውስጥ የሚወጋው ሰው እንዴት እንደከረመ ጠይቃችሁ እንድትጽፉ ነው። እናትም ትሁን፣ አባትም ይሁን፣ አያትም ትሁን። እንዲታዘንልን ፈልጌ አይደለም። የልጁ ስኳር የሚስተካከለውም የሚበላሸውም በዚያ ሰው እጅ ስለሆነ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ልጁ በወር አንድ ቀን ቢቀጠር በዓመት 12 ቀን እናንተ ዘንድ ነው። የቀረውን 353 ቀን እኛ ዘንድ ነው። በቀን 2 ጊዜ ቢወጋ በዓመት 730 መርፌ ይሆናል። በቀን 4 ጊዜ የሚወጉም አሉ፣ ለእነሱ እጥፉ ነው። ይህን ሁሉ የሚወጋው ነርስ አይደለም። ጉልት የምትቸረችር እናት ናት። ፊደል ያልቆጠሩ አያት ናቸው፤ በሲሪንጁ ላይ ያለውን መስመር በጣት ቆጥረው የለመዱ።

ሥራው መውጋት ብቻ ቢሆን በታደልን። ብዙ ልጆች የሚወጉት ኢንሱሊን ከተወጋ በኋላ በግማሽ ሰዓት ገደማ ምግብ መቅረብ አለበት። ልጁ ደግሞ «አልበላም» ይላል። ልጅ ነዋ! መርፌው ገብቷል፣ እንጀራው ቀርቧል፣ አፉ ተዘግቷል። ያኔ ትለምናለህ፣ ትቆጣለህ፣ ታባብላለህ። ከሰዓት ኳስ ከተጫወተ ስኳሩ ይወርዳል። ጉንፋን ከያዘው ይወጣል። ቢያስመልሰው፣ ምግብም እምቢ ቢል፣ ኢንሱሊኑን ጨርሶ ማቆም አይቻልም፤ ይልቅ ቶሎ ቶሎ እየለኩ መጠኑን ማስላት ያስፈልጋል። ስኳሩ በመለኪያው ከ70 በታች ከወረደ 3 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት። ሐኪም ይህን የሚወስነው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። እናት የምትወስነው ወጡ እያረረባት፣ ትንሿ ልጅ ቀሚሷን እየጎተተች ነው።

ሌሊቱ ደግሞ ሌላ ነው። ስኳር በእንቅልፍ ልብ ሲወርድ ልጁ ላይነቃ ይችላል። ያልበዋል፣ ይቃዣል፣ ከባሰ ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ የስኳር ልጅ ያላት እናት እንቅልፏ ግማሽ ነው። እጇን አንገቱ ሥር ታስገባለች። ላብ ካገኘች ተነስታ ትለካለች፤ የስኳር መለኪያው ስትሪፕ ካለ ማለቴ ነው። ስትሪፕ ከሌለ ቀስቅሳ ስሙን ትጠይቀዋለች። በትክክል ከመለሰ ትንሽ ትረጋጋለች። ልጁ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ እሷ ገበያ ላይ ዝርዝር ስትመልስ ትሳሳታለች። ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ምን እንደሚመስል የረሱ እናቶች አውቃለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ልጇ ሌሊት ሲንቀጠቀጥ አንዴ ያየች እናት ከዚያ በኋላ ምን የምታደርግ ይመስላችኋል? የማታውን ኢንሱሊን ትቀንሳለች። ወይ ከመተኛቱ በፊት ሻይ በዳቦ ትጨምርለታለች። «ከፍ ብሎ ይደር፣ ብቻ በሕይወት ይደር» ነው ሒሳቧ። ለማንም አትናገርም። ቀጠሮው ሲደርስ በደም ምርመራ የሚታየው የ3 ወሩ የስኳር አማካይ ከፍ ብሎ ይመጣል። ባለሙያው ይገረማል። «እናት፣ በትክክል አትወጊውም እንዴ?» ይላታል። እሷ መሬት መሬት ታያለች። ባለሙያው የመርፌውን መጠን በካርዱ ላይ ይጨምራል። እሷ የተጨመረውን ቁጥር ስታይ ፍርሃቷ ይብስባታል። ቤት ገብታ ያንኑ ትቀንሳለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስኳሩ እንደገና ከፍ ብሎ ይገኛል፣ መጠኑ እንደገና ይጨመራል። ያ ልጅ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ዩኒት አልነበረም። እናቱን «ማታ ማታ ምን ያስፈራሻል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነበር።

ከዚህ የሚወለድ ሌላ ችግር አለ፣ እናንተም ሳትጠረጥሩት አትቀሩም። የስኳር መመዝገቢያ ደብተሩ። ከቀጠሮው በፊት ባለው ምሽት ስንት ቤት ውስጥ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ እንደሚሞላ ብታዩ ትስቃላችሁ። ከዚያ ታዝናላችሁ። 120፣ 135፣ 110፣ 140። ያማረ ቁጥር ነው። እናት የምትዋሸው ክፉ ስለሆነች አይደለም። በሰው ፊት መቆጣትን ስለፈራች ነው። አንድ ጤና ተቋም ውስጥ፣ ስሙን አልጠራም፣ አንዲት ከገጠር የመጣች እናት ወረፋ በሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊት «ልጅሽን ልትገድዪው ነው?» ስትባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በነጠላዋ ተሸፋፍና ወጣች። ያቺ ሴት ከዚያ በኋላ እውነተኛ ቁጥር ይዛ ትመጣለች ብሎ የሚያስብ ካለ ሰው አያውቅም። ሐኪም ደግሞ በውሸት ቁጥር መድኃኒት ሲያዝ አደጋው የልጁ ነው።

ፍርሃት ያለባት እናት ቢያንስ ንቁ ናት። የከፋው ሐዘኑ ሲያሸንፍ ነው። ልቧ የተሰበረ ሰው ብልቃጡ ማለቁን አታስተውልም። ቀጠሮ ያልፋታል። መለካቱን ትተወዋለች፤ ቁጥሩን ማየት ራሱ ያስጨንቃታላ። ልጁ በጥቂት ነገር ሲያናድዳት ትጮህበታለች፣ ከዚያ ታለቅሳለች። ልጅ ደግሞ ሁሉንም ያያል። እናቱን የሚያስለቅሳት የእሱ በሽታ እንደሆነ ሲገባው ምልክቱን መደበቅ ይጀምራል። ራሱን አዙሮት «ደህና ነኝ» ይላል። የቤት ጭቅጭቅ በሰውነቱም ላይ ይሠራል፤ ስንደነግጥና ስንጨነቅ የሚመነጩት ኮርቲሶልና አድሬናሊን ስኳርን ወደ ላይ ይገፋሉ።

ይህን ከራሴ ፈልስፌ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመና በርካታ ጥናቶችን ሰብስቦ ያየ አንድ ሥራ አለ። ልጃቸው ስኳር እንዳለበት በተነገራቸው ሰሞን በአማካይ 33.5 በመቶ የሚሆኑት ወላጆች በብርቱ ይጨነቃሉ። ከ1 እስከ 4 ዓመት ከቆዩም በኋላ 19 በመቶው አሁንም እዚያው ጭንቀት ውስጥ ናቸው። የወላጅ ጭንቀት የልጁን የስኳር ክትትል እንደሚጎዳም ያው ሥራ ይናገራል። ልብ በሉ፣ እነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው የመጡት ፍሪጅና አምቡላንስ ብርቅ ካልሆነበት አገር ነው። የእኛን የወሎን እናቶች ማንም ሳይጠይቅ ቁጥሩ ከዚያ ያንሳል ብሎ መገመት ይከብዳል።

ኢስፓድ የሚባለው የልጆችና የወጣቶች ስኳር ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ማኅበርም በመመሪያው የልጁን ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡን የመንፈስ ሁኔታ መከታተል የሕክምናው አካል እንዲሆን ይመክራል። ስለዚህ የምጠይቀው ቅንጦት አይደለም።

ጭንቀቱ ከየት እንደሚጀምር ልንገራችሁ። ከመጀመሪያው ቀን ነው። የብዙዎቻችን ታሪክ ይመሳሰላል። ልጁ ውሃ ውሃ ይላል። ሽንቱ ይበዛል። አልጋ ማራስ ትቶ የነበረ ልጅ እንደገና ያረጥባል። ይከሳል። ጎረቤት «ሙቀቱ ነው» ይላል። ማስመለስ ሲጀምር ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው ይባላል። ትንፋሹ ሲከብድ ሳንባ ምች ይባላል። ሆስፒታል ሲደርስ ራሱን ስቷል። እዚያ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቱ ተወግቶ ስኳሩ የሚታየው። እናት ከዚያች ቀን ጀምሮ «ቀድሜ ባመጣው ኖሮ» እያለች ትኖራለች። ልጁ ድኖ ኳስ ሲጫወት እሷ ገና ከዚያ አልጋ አጠገብ አልተነሳችም። በነገራችን ላይ፣ የጠማውና ሽንቱ የበዛ ልጅ በየጤና ጣቢያው ጣቱ ቢወጋ ኖሮ ብዙዎቻችን እዚያ አልጋ አጠገብ ባልደረስን ነበር። እሱን ግን በሌላ ደብዳቤ።

በዚያ ላይ ወሬው አለ። «ከረሜላ አብዝታለት ነው።» «ዐይን ነው።» «በእርግዝናዋ ጣፋጭ ትበላ ነበር።» ዓይነት 1 ስኳር በከረሜላ አይመጣም። የልጁ የራሱ የሰውነት መከላከያ በቆሽቱ ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች ስለሚያጠፋ የሚመጣ ነው። እናት ያደረገችውም ያላደረገችውም ነገር የለም። ይህን ነገር ባለሙያ ጮክ ብሎ እንዲናገርልን እንፈልጋለን። እናትና አባት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አያትም ካሉ አያትም ባሉበት። አንድ ጊዜ አይበቃም። በመጀመሪያው ቀን የተነገረንን ማን ሰማው? ጆሯችን አልነበረም። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀጠሮ ድገሙት። ሴት ልጅ ያላቸውማ ጭንቀታቸው እጥፍ ነው። «ነገ ማን ያገባታል?» በሚል መርፌዋን ከዘመድ ይደብቃሉ። ሠርግ ቤት ሄዳ ሳትወጋ የምትመለስ ልጅ አለች፤ ሰው እንዳያይ።

አባቶችን ሳላነሳ ባልፍ ደስ አይለኝም። ብዙዎቹ ክፉ አይደሉም። ይወዳሉ፣ ገንዘብ ይፈልጋሉ፣ ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ይሮጣሉ። መርፌውን ግን አይነኩም። «እሷ ትችልበታለች» ይላሉ። ትችልበታለች፣ አዎ፤ ግን ማንም ስላልቻለላት ነው። እሷ ለቅሶ ቤት መሄድ አትችልም። ወላጆቿ ቤት ማደር አትችልም። ቢያማት እንኳ መታመም አትችልም። የአባቶቹም ጭንቀት አለ፣ ወንድ ልጅ አያወራም ተብሎ ይታፈናል እንጂ። አንዱ ወጥቶ ጫት ላይ ይከርማል። አንዱ «ሥራ በዝቶ ነው» ብሎ ያመሻል። የልጁን መንቀጥቀጥ ማየት ስላልቻለ እንደሆነ ሚስቱም አታውቅም።

የእኛ አገር አቀማመጥ ደግሞ የራሱን ይጨምራል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። የተከፈተው በቀዝቃዛ ቦታ 4 ሳምንት ገደማ ይቆያል። ወረኢሉና መቅደላ ብርዱ ያግዛል። ቆቦ፣ ሐርቡ፣ ባቲ ላይ ግን ፀሐዩ አይምርም። እናቶች በእርጥብ አሸዋ መካከል ማሰሮ ቀብረው ያስቀምጣሉ፤ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ይሠራልም። ቢሆንም በየቀኑ አንድ ጥያቄ አብሯቸው ያድራል። መድኃኒቱ ደህና ነው ወይስ ሞቶ ውሃ ሆኗል? በዐይን ሁልጊዜ አይለይም። ስኳሩ ሲወጣ ጥፋቱ የእሷ ይሁን የሙቀቱ አታውቅም። ከወሎው ቦረና ወይ ከአምባሰል ቀበሌ ተነስቶ ደሴ ለመድረስ አንዳንዱ መጀመሪያ በእግር፣ ከዚያ በመኪና ነው። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ብልቃጡን ወደ ብርሃን እያነሱ የቀረውን መገመት ነው።

መንገድ መዘጋት ምን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ የሸሸው ሸሽቷል። ኢንሱሊን በጡቷ አቅፋ በእግሯ የተጓዘች እናት ዛሬም ጥይት የሚመስል ነገር ስትሰማ መጀመሪያ የምትሮጠው ወደ ልጇ አይደለም፣ ወደ ብልቃጡ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ቁጭ አድርጎ «ያኔ እንዴት አለፍሽው?» ብሎ አልጠየቃትም። በክረምት ደግሞ ጎተራው ሲጎድል ሌላ ጭንቀት ይመጣል። ማታ ራት መኖሩ ካልተረጋገጠ መርፌው ይወጋ ወይስ ይቅር? ተወግቶ ምግብ ከጠፋ ስኳሩ ይወርዳል። ሳይወጋ ካደረ ይወጣል። ይህን ምርጫ በየማታው የምታደርግ ሴት «አመጋገቡን አስተካክዪ» ስትባል ምን እንደምታስብ ለእናንተ ልተወው።

«ኢንሱሊንና ስትሪፕ ሳይሟላ ስለ ጭንቀት ታወራለች» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ ኢንሱሊኑ ይቀድማል። ጭንቀታችንን ከሚያበዛው ነገር አንደኛው ራሱ የመድኃኒቱ መጥፋት ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር የእኛው ተሁለደሬ ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ ነበረች። መድኑ ብዙ ቤት አድኗል። ግን መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ሲጠፋ የመድን ካርዱን ይዘን የግል ፋርማሲ በር ላይ እንቆማለን፤ እዚያ ካርዱ አይሠራም። ለልጆች የሚሆን ኢንሱሊን አስቀድሞ ቢያዝና የሚያልቅበት ቀን ከመድረሱ በፊት ቢነገረን፣ አንድ የስልክ ጥሪ ብቻ ከብዙ እንቅልፍ ማጣት ያድነናል። ይህ ግን ሁለተኛውን ጥያቄዬን አይሰርዝም። ኢንሱሊኑ በብልቃጥ ሞልቶ የሚወጋው እጅ ከዛለ ልጁ አልተረፈም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልቅ በጀት አልጠይቅም። ሁለት ጥያቄ ይበቃል ለመጀመሪያ። ባለፉት 2 ሳምንታት ነገሮችን የመሥራት ፍላጎት ወይም ደስታ አጥተሻል? ልብሽ ከብዶሽ፣ አዝነሽ፣ ተስፋ ቆርጠሽ ታውቂያለሽ? እነዚህ በዓለም ዙሪያ በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚጠየቁ ናቸው። ከሁለቱ ለአንዱም ቢሆን መልሱ «አዎ፣ ብዙ ቀን» ከሆነ 9 ጥያቄ ያለው ረዘም ያለው መጠይቅ አለ፤ በአማርኛም አገራችን ውስጥ ተሞክሯል። እኔ አንድ ሦስተኛ ልጨምርበት። «ስለ ልጅሽ ስኳር በጣም የሚያስፈራሽ ምንድን ነው?» ከዚህ ጥያቄ የሚወጣው መልስ የመርፌውን መጠን ራሱ ሊያስተካክል ይችላል። «መኖር አስጠላኝ» ያለች እናት ካለች ደግሞ በዚያው ቀን ትታይ እንጂ በቀጠሮ አትመለስ።

ስትጠይቁ ግን የእኛን ሰው አነጋገር እወቁልን። የወሎ እናት «ዲፕረሽን አለብኝ» አትላችሁም። «ራሴን ይፈልጠኛል» ትላለች። «ልቤ ይመታል፣ ሆዴን ይነፋኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ትላለች። ለጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቷት ትሄዳለች። ስትጠይቋት መጀመሪያ «አልሐምዱሊላህ» ወይም «ተመስገን» ነው የምትለው። እሱ መልስ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። ትንሽ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ሁለተኛው ቃል ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ባሏና አማቷ ባሉበት ከሆነም አይመጣም።

ችግሩ ከተገኘ በኋላ ወዴት ትላክ? «አእምሮ ሕክምና ክፍል ሂጂ» ብላችሁ ወረቀት ከሰጣችኋት ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ ያረጃል። አበደች ተብሎ ይወራባታል፤ የስኳር ልጅ እናት መሆኗ አንሶ። ባለሙያው ካለ እሱ ወደ ስኳር ክፍሉ ይምጣ። በልጆች የክትትል ቀን፣ ሌላ ክፍል ሳይቀየር፣ ለአንድ ሰዓት። ባለሙያ በሌለበት ወረዳ ደግሞ ነርሷ ሠልጥና ብትሰማ፣ ከባዱን ብትለይ፣ የቀረውን በምክር ብታግዝ ብዙ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የእርጉዝ ቤት ያንኳኳሉ፤ የስኳር ልጅ ያለበትን ቤትም በዝርዝራቸው ይያዙት።

ሁለተኛ እጅ ይሠልጥን። ይህ ለእኔ ከሁሉ የሚቀል ነው። የመርፌ ትምህርት ለእናት ብቻ አይሰጥ። «በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ የሚወጋ ሰው ይዘሽ ነይ» በሏት። አባት ቢሆን ደስ ይለናል፤ ካልሆነ አክስት፣ ታላቅ ወንድም፣ ጎረቤት። ከፊታችሁ ይውጋ፣ ፈርሙለት። እናንተ ስታዙ አባት እምቢ አይልም፤ እኛ ስንለምን ነው «ነገ» የሚለው። በሳምንት አንድ ሌሊት ሌላ ሰው ተረኛ ሆኖ እሷ ብትተኛ ጠዋት ሌላ ሰው ሆና ትነሳለች።

ከዚህ በተረፈ አንድ ነገር አለ፣ ማንም ሳያቅደው የሚሠራ። የወረፋው አግዳሚ ወንበር ላይ የምናወራው ወሬ ነው። አንዷ «የኔውም ማታ ይቃዣል» ስትል ሌላዋ ትከሻዋ ዝቅ ይላል። አሸዋና ማሰሮውን እኔ የሰማሁት ከአንዲት የሐይቅ እናት እዚያው ወንበር ላይ ነው። ልጆቹም እርስ በርስ ሆዳቸውን ገልጠው የተወጉበትን ያሳያያሉ፣ ማን ብዙ አለው እያሉ ይፎካከራሉ። ይህን ወንበር አደራጁልን። የልጆቹ ቀጠሮ ከአዋቂዎቹ ተለይቶ በአንድ ቀን ይሁን። አንድ ክፍል ለአንድ ጠዋት ይፈቀድ። ቡናውን እኛ እናፈላለን፤ ለእሱ በጀት አያስፈልገውም። አንዲት ልጇን ለዓመታት ያሳደገች እናት አዲስ ከተነገራት እናት አጠገብ ብትቀመጥ ምንም በራሪ ወረቀት የማይሰጠውን ትሰጣታለች።

ስለ ጎረምሶቹም ላንሳ። በጉርምስና የሚመጡት ሆርሞኖች የኢንሱሊኑን ሥራ ይቀንሱታል። ልጁ ያንኑ እየተወጋ ስኳሩ ይወጣል። በቤት ውስጥ «ምን በልተህ ነው?» የሚባል ፍርድ ቤት ይከፈታል። ልጁ ይሸሻል። የደከመች እናት ደግሞ «አድገሃል፣ ራስህን ቻል» ብላ ብልቃጡን ታስረክበዋለች። በ13 ዓመት፣ ብቻውን፣ በአንድ ቀን። ሲሪንጁን ልጁ ቢይዝም አጠገቡ ሰው መኖር አለበት። ይህንን ርክክብ ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚደረግ የሚነግረን እንፈልጋለን። ለትምህርት ቤቱም አንድ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጻፉልን። ልጁ ስኳር እንዳለበት፣ ክፍል ውስጥ ቢያልበውና ግራ ቢጋባ ስኳር ይሰጠው ዘንድ፣ ሽንት ቤት ሲጠይቅ እንዳይከለከል። እናት ብትናገር «ልጇን ታቀማጥላለች» ይባላል። የሐኪም ማኅተም ግን መምህሩንም ዘበኛውንም ያሳምናል። እሷም ሰባት ሰዓት እስኪሆን በየደቂቃው ስልኳን አታይም።

ለሃይማኖት አባቶችና ለየቅሬው (ለየእድሩ) ሰብሳቢዎችም አንድ ቃል፣ ይህ ደብዳቤ ወደ እናንተም ስለሚደርስ። ዱዓው ይደረግ፣ ጸበሉም ይጠጣ፣ ወዳጃውም (የዱዓ ስብሰባው) ይቀመጥ። ለእናት ልብ ጥቅሙን አይቻለሁ። መርፌው ግን እንዳይቆም በራሳችሁ አንደበት ተናገሩልን። ኢንሱሊን ያቋረጠ የዓይነት 1 ልጅ በቀናት ውስጥ ለሞት ይደርሳል። በጾምና በረመዳን ወቅትም ልጆቹ እንዲጾሙ የሚገፋፋ ሰው እንዳይኖር። ቅሬ ደግሞ ለሞት ብቻ ለምን ይሰበሰባል? የአንድ ቤት ልጅ ስትሪፕ ሲያልቅበት ማዋጣት ከድንኳን ኪራይ ይረክሳል።

ባለሙያዎቹ ራሳችሁም እንደደከማችሁ ይገባኛል። አንድ ነርስ ክፍሉ በር ላይ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ አያለሁ። ደመወዙንም እሰማለሁ። የተቆጣችኝ ነርስ ቤቷ ሄዳ ምን እንደሚያጋጥማት አላውቅም። ስለዚህ ይህ ሥራ «ተጨማሪ» ተብሎ በእነሱ ጫንቃ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ነው ለቢሮውና ለመምሪያዎቹ መጻፌ። ካርዱ ላይ ሁለት መስመር የሚያስጨምረው፣ ሥልጠናውን የሚያዘጋጀው፣ ክፍሉን የሚያስፈቅደው እናንተ ናችሁ።

ኅዳር 5 የዓለም የስኳር ቀን ነው፤ ኢንሱሊንን ካገኙት አንዱ የባንቲንግ የልደት ቀን። በየዓመቱ ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይለበሳል። ዘንድሮ ለባነሩ ከሚወጣው ላይ ትንሽ ቀንሱና በአንድ ሆስፒታል፣ ደሴም ይሁን ወልዲያ፣ ይህንን ሞክሩት። የልጆች ቀን፣ ሁለቱ ጥያቄዎች፣ ሁለተኛው እጅ፣ ቡናው። ዓመት ሲሞላ የልጆቹን የ3 ወር አማካይ ከቀድሞው ጋር አስተያዩ። ካልተለወጠ አቁሙት፣ አልከራከርም። ከተለወጠ ወደ ሌሎቹ ውሰዱት።

መልሳችሁን በየስኳር ክፍሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብትለጥፉት ለሁላችንም ይደርሰናል። ማንበብ የማይችሉትን እኛ እናነብላቸዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ የስኳር ልጅ እናት፣ ደሴ